ቤቲንግን መዝጋት ይሻላል ወይስ ፈቅዶ መቆጣጠር?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአራት ኪሎ ባለሱቅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ከሱቄ አጠገብ ቤቲንግ ቤት ነበር፤ ታሸገ። ተመስገን ብዬ ነበር። አሁን ግን ልጆቹ በስልክ ይጫወታሉ። ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ ደመወዙ ወር አጋማሽ ላይ አይደርስም። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ ‹የኛ ስቴት ካዚኖውንም የስፖርት ውርርዱንም በሕግ ፈቅዶ፣ ግብሩን ሰብስቦ ትምህርት ቤት ይደጉምበታል፤ እናንተ ለምን ታሽጋላችሁ?› ይለኛል። እንደ ባለሙያ ንገረኝ። መንግሥት ጨርሶ ቢያግደው ነው ወይስ ፈቅዶ ቢቆጣጠረው የሚሻለው? ልጁንስ ምን ላድርገው?»

ጋሼ፣ ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። እኔ የምሠራው የፈቃድና የግብር ሕግ ላይ ነው። ቢሮዬም ከእርስዎ ሱቅ ሩቅ አይደለም። የሚሉትን ልጆች በየቀኑ አያቸዋለሁ።

መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርዎ። እኔ ፈቅዶ መቆጣጠር ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን ፈቃድ ሰጥቶ ግብር መቀበልን ብቻ ቁጥጥር ብዬ አልጠራውም። እሱ ሽርክና ነው። መንግሥት የአቋማሪው ሸሪክ ከሆነ፣ ተጫዋቹ በተበላ ቁጥር መንግሥትም ያተርፋል። ያኔ ልጁን ማን ይጠብቀዋል? ዋናው ጭንቀቴ እዚህ ጋ ነው።

ከአሜሪካው ልጀምር። የወንድምዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረዎት።

እዚያ አገር ቁማርን በዋናነት የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እያንዳንዱ ስቴት ነው። ኔቫዳ እ.ኤ.አ. በ1931 ካዚኖን በሕግ ፈቀደ (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዘመኑ የከባዱ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነበር፤ ስቴቱም በረሃ ነው። ኒው ጀርሲ ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ጠየቀ። በ1974 ሕዝቡ እምቢ አለ። በ1976 «አትላንቲክ ሲቲ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ብቻ ይሁን» ሲባል እሺ አለ። የመጀመሪያው ካዚኖ በ1978 ተከፈተ። ከገቢው 8 በመቶ ግብር ተቆርጦ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት እንዲውል ተወሰነ። ዩታና ሃዋይ ግን እስከ ዛሬ ሎተሪ እንኳ የላቸውም። አንድ አገር ውስጥ ሆነው አንዱ ፈቅዷል፣ አንዱ ዘግቷል።

የስፖርት ውርርድ ታሪኩ ለየት ይላል። በ1992 ኮንግረስ ስቴቶች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ኔቫዳንና ቀድመው የጀመሩ ጥቂት ስቴቶችን ብቻ ተወ። ኒው ጀርሲ ለዓመታት ተሟገተና በ2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። ፍርድ ቤቱ ቁማርን አልባረከም። ያለው «ፌዴራል መንግሥት ስቴቶችን ይህን ሕግ አታውጡ ብሎ ማዘዝ አይችልም» ነው። ክርክሩ የሥልጣን ክፍፍል ክርክር ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ከሠላሳ በላይ ስቴቶች ተከታትለው ገቡበት።

አሁን ያልተነገረዎትን ግማሽ ልንገርዎ። አትላንቲክ ሲቲ ገንዘቡን ያገኘችው ከየት ነበር? ከፊላዴልፊያና ከኒው ዮርክ በአውቶብስ ከሚመጣው ሰው ነው። ኒው ጀርሲ የጎረቤቶቹን ኪስ ነበር ግብር የሚያስከፍለው። ከዚያ ጎረቤቶቹ «እኛስ ለምን ይቅርብን?» አሉ። ፔንሲልቫኒያ የራሷን ካዚኖዎች ከፈተች። በ2014 ዓመቱ ሲጀምር አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ከነበሩት 12 ካዚኖዎች 4ቱ በዚያው ዓመት ተዘጉ። ሥራውም ግብሩም አብሮ ሄደ። የእኛ አባቶች «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

እኛ ጋ ደግሞ በአውቶብስ የሚመጣ ጎረቤት እንኳ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቲንግ የሚቆርጠው የሠፈር ልጅ ነው። ከእሱ የሚሰበሰበው ግብር ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ሀብት አይደለም። ለዳቦ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለእርስዎ ሱቅ ደብተር ይውል የነበረ ብር ነው። ስለዚህ «ስንት ግብር ገባ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያሳምነኝም።

«ትምህርት ቤት ይደጉምበታል» የሚለውንም ጠጋ ብለው ይዩት። ኒው ዮርክ በ2022 መጀመሪያ በስልክ የሚደረገውን የስፖርት ውርርድ ሲከፍት፣ በአቋማሪዎቹ ገቢ ላይ 51 በመቶ ግብር ጣለ። ኔቫዳ የምትወስደው 6.75 በመቶ ነው። የኒው ዮርኩ ገንዘብ በአብዛኛው ለትምህርት ተመድቧል። ጥሩ ይመስላል። ግን በጀት አንድ ኪስ ነው። በዚህ በኩል የቁማር ገንዘብ ሲገባ፣ ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይሄድ የነበረውን ቀንሶ ወደ ሌላ ማዞር ይቻላል። ሕጉ «ጭማሪ ነው፤ የነበረው አይቀነስም» ብሎ ካላሰረው፣ የትምህርት ቤቱ ስም ለማስታወቂያ ብቻ ያገለግላል።

አሁን ወደ እኛው ልጆች እንምጣ። ትኬቱን አብረን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ልጆች አንድ ጌም አይቆርጡም። በ20 ብር አሥር ጌም ደርድረው ብዙ ሺህ መብላት ነው የሚፈልጉት። ለስሌት እንዲመቸን አሥሩም ጨዋታ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያለው ይሁን እንበል፤ «ከሁለት ጎል በላይ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም» እንደሚሉት ያለ። ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ ኦዱ፣ ማለትም ቢሳካ የተያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 2.00 መሆን ነበረበት። ቤቱ ግን 1.90 ይሰጣል። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ ከመቶ ብር አምስት ብር። ልጁም አያያትም።

አሥሩን ሲያባዟቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1.90 የተቆረጠ ባለአሥር ጌም የ20 ብር ትኬት ቢሳካ 12,262 ብር ይከፍላል። በሚዛናዊው ዋጋ ቢሆን 20,480 ብር ነበር። አሥሩም የመሳካት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው። ስለዚህ ትኬቱ በአማካይ የሚመልሰው 12 ብር ገደማ ነው። ከ20 ብሩ 8 ብር ገና ጨዋታው ሳይጀመር የቤቱ ሆኗል። አምስት በመቶ የነበረችው አርባ በመቶ ሆነች። ልጁ «በአንድ ጌም ተቃጠለብኝ፤ ዘጠኙ ገብቶ ነበር» ብሎ ይቆጫል። ዘጠኝ ገብቶ በአንድ መቃጠል መጥፎ ዕድል ይመስለዋል። ባለአሥር ጌም ትኬት ላይ ግን ዘጠኝ ገብቶ በአንድ መቃጠል አሥሩም ከመግባት አሥር እጥፍ ይበልጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። በየቀኑ አንድ እንዲህ ያለ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አንድ ጊዜ ለመብላት በአማካይ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ይጠብቃል። እስከዚያ 20,480 ብር ከፍሏል።

በላ እንበል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ብቻ ነፃ አድርጎ። እንግዲህ ከዚያች 12,262 ብር ላይም ይቆረጣል። አሸናፊን ግብር ማስከፈል ቀላል ነው፤ ገንዘቡ እጅ ላይ ነው ያለው። ልጁን ግን አይጠብቀውም። እንዲያውም ያለ ፈቃድ ወደሚሠሩት የውጭ ድረ ገጾች ይገፋዋል፤ እነሱ አይቆርጡበትማ። ግብሩ ከአቋማሪው ገቢ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ትኬት ግን ቢያንስ ይዘገያል። ቅዳሜ ቆርጦ እስከ እሑድ ማታ ይጠብቃል። በመሃል ይተኛል፣ ይሠራል፣ ይረጋጋል። የእኔ ትልቁ ስጋት ፈጣኑ ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ከሃያ ዓመት አይበልጥም። መንገዱ ተዘጋግቷል። በግራ እጁ የተጣጠፈ ብር ይዟል፣ በቀኙ ስልክ። ስልኩ ላይ ያቺ ትንሽ አውሮፕላን ትነሳለች፤ አቪዬተር የሚሉት። ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሳትጠፋ ቀድሞ ከነካው በላ፣ ከዘገየ ተበላ። ቀበና ድልድይ እስክንደርስ ሰባት ዙር ቆጠርኩ። ሁለቱን በላ፣ አምስቱን ተበላ። በየመሃሉ «ሒሳብ!» ይላል። የሰበሰበው ብር የእሱ አይደለም፤ ማታ ለባለታክሲው የሚያስረክበው ነው። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ስደርስ ስልኩን ኪሱ ከቶ በሩን ይዞ ዝም አለ። ፊቱ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

እንግሊዞች ይህን ነገር በራሳቸው ላይ አይተውታል። በየመንገዱ ያሉት የውርርድ ቤቶች ውስጥ የሚቀመጡ ማሽኖች ነበሯቸው፤ በ20 ሴኮንድ እስከ 100 ፓውንድ የሚያስይዙ። ብዙ ቤተሰብ ፈረሰ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2019 የአንዱ ዙር መያዣ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ማሽኑን አላገዱትም፤ መያዣውን ዝቅ አደረጉት። በ2020 ደግሞ በክሬዲት ካርድ፣ ማለትም በብድር፣ መቆመርን ከለከሉ። በዚያው ዓመት በኢንተርኔት የሚያቋምር ፈቃድ ያለው ድርጅት ሁሉ አንድ የጋራ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ አስገደዱ። «እኔን አታጫውቱኝ» ብሎ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው ሁሉም ጋ ይዘጋበታል።

ጋሼ፣ እኔ ቁጥጥር የምለው ይህንን ነው። አንድ ዙር ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? በአንድ ቀን ስንት ብር ድረስ ይያዛል? በብድር መጫወት ይቻላል ወይ? እኛ አገር ዛሬ በስልክ አነስተኛ ብድር ይገኛል፤ በዚያው ስልክ ቤቲንግ ይቆረጣል። ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ይህን አንድ መስመር ሕግ ውስጥ ማስገባት ብቻ ብዙ ልጅ ያድናል ብዬ አምናለሁ። ዕድሜን ለማጣራትም ሆነ «አታጫውቱኝ» ለሚለው መዝገብ አሁን የፋይዳ መታወቂያ አለን። ከዚህ በፊት «እንዴት እናውቃለን?» የሚለው ምክንያት ይሠራ ነበር። አሁን አይሠራም።

ማገዱስ? የጠየቁኝን አልዘለልኩም። የታሸገው ቤት ጥቅም አልነበረውም አልልም። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለ ቤቲንግ ቤት መዘጋቱ ልክ ነው፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ልጅ ከክፍል ወጥቶ በእግሩ የሚገባበት ቦታ መሆን የለበትም። ግን እርስዎ ራስዎ እንዳዩት፣ ቤቱ ሲታሸግ ጨዋታው ኪስ ውስጥ ገባ። ቤቲንግ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሰው ያየዋል፣ ቤቱም በማታ ይዘጋል። ስልክ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ክፍት ነው።

የምር ማገድ የፈለገ መንግሥት በር ከማሸግ ይልቅ የገንዘቡን መንገድ መያዝ አለበት። ኬንያ በ2019 ያደረገችው ይህንን ነበር። የ27 አቋማሪ ድርጅቶችን ፈቃድ አላድስም አለች፤ በኤም ፔሳ ገንዘብ የሚቀበሉባቸውን ቁጥሮችም አዘጋች። ድርጅቶቹ ወዲያው ነው የተንገዳገዱት። ትልልቆቹ ሠራተኛ አሰናብተው ወጡ። ከጊዜ በኋላ ውርርዱ ተመልሶ መጣ፤ ግብሩም አንዴ ሲነሳ አንዴ ሲመለስ ከረመ። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ነገር አንድ ነው። ቁልፉ ያለው የሞባይል ገንዘብና ባንክ ጋ ነው። ያ ቁልፍ ለማገድም ለመቆጣጠርም ያገለግላል። ፈቃድ የሌለው ድርጅት ብር መቀበል ካልቻለ፣ ፈቃድ ያለው ደግሞ ገደቡን ሲጥስ ያው መንገድ ከተዘጋበት፣ ሕጉ ጥርስ ይኖረዋል።

አሁን ወደ ሸሪክነቱ ልመለስ። ኔቫዳ በ1931 ስትፈቅድ ቁጥጥሩ የላላ ነበር፤ ማፊያው ገባበት። በ1955 የቁጥጥር ቦርድ አቋቋመች። በ1959 ከእሱ በላይ ኮሚሽን አከለች። አንዱ ይመረምራል፣ ሌላው ይወስናል። መርማሪው ካዚኖ ልክፈት የሚለውን ሰው ገንዘቡን ከየት አመጣህ፣ ሸሪክህ ማነው፣ ዕዳህ ስንት ነው ብሎ ይበረብረዋል። ማሽኑን ፈትቶ ይፈትሻል። ከሁሉም በላይ ግን ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ቁማር አይሸጡም።

እኛ ጋስ? የስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ የተከበረ ተቋም ነው። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ያልገዛ ቤተሰብ የለም፤ አባቴም በየዓመቱ ይገዛ ነበር። ሥራው ግን ዕድል መሸጥ ነው፤ ትርፍም ይጠበቅበታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥትን ድርጅቶች ይዞ በሚያስተዳድረው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከገቡት የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። ሻጭ የሆነ ተቋም ሌላውን ሻጭ «ቀስ በል፣ ልጁን ተወው» ሊለው ይከብደዋል። ሰዎቹን መውቀሴ አይደለም። የተቀመጡበት ወንበር ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቁጥጥሩ ከሽያጩ ተለይቶ ራሱን ለቻለ አካል ይሰጥ፤ የዚያ አካል በጀትም በቁማሩ ገቢ መጠን የማይወጣ የማይወርድ ይሁን። የኔ አቋም ይህ ነው። ተቃዋሚ እንዳለው አውቃለሁ፤ «ሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ወጪ» ይሉኛል። ወጪው ግን ያንን ታክሲ ረዳት ከማጣት አይበልጥም።

ማስታወቂያውን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ጣሊያን በ2018 ባወጣችው ሕግ የቁማር ማስታወቂያን ከለከለች። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ከ2026/27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የአቋማሪ ስም ከማልያቸው ደረት ላይ ለማንሳት ተስማምተዋል። የኛ ልጆች ያንን ማልያ ለብሰው ነው ኳስ የሚጫወቱት። ቅዳሜ ማታ ካፌ ገብተው ጨዋታ ሲያዩ ጎሉንና ኦዱን አብረው ይማራሉ። ማስታወቂያን መገደብ ርካሹ ሥራ ነው፤ መንግሥት ነገ ጠዋት ሊያደርገው ይችላል።

በመጨረሻ የሱቅዎ ልጅ። እሱ ሕግ እስኪወጣ አይጠብቅም።

መጀመሪያ አይቆጡት፣ ሰው ፊትም አያንሱበት። የተበላ ሰው ሲያፍር ይደብቃል፤ ሲደብቅ ደግሞ ለመመለስ ብሎ ጨምሮ ይይዛል። ሱቁን ከዘጋችሁ በኋላ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ስልኩን ይክፈትና ባለፈው ወር ከሞባይል ገንዘቡ ለቤቲንግ የወጣውንና ከዚያ የገባውን አብራችሁ ጻፉት። እርስዎ ደብተር አያጡም። አብዛኛው ልጅ የበላውን ያስታውሳል እንጂ የተበላውን ደምሮ አያውቅም። ድምሩን ራሱ ይደምረው፤ እርስዎ ዝም ይበሉ።

ከዚያ ብድር አይስጡት፤ የተበደረውን ለመክፈል ቢሆንም እንኳ። በምትኩ ከፈቀደ ደመወዙን በየሳምንቱ ይክፈሉትና የተወሰነውን በስሙ ዕቁብ ያስገቡለት። ዕቁብ ላይ ሰው ይጠብቀዋል፤ መቅረት ያሳፍራል። የቤቲንግ አካውንቱን እንዲዘጋለት ለድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ደቂቃ ተመልሶ ይጫናል። የጥሬ ብሩን መሳቢያ ቁልፍም ለጊዜው እርስዎ ይያዙት። እምነት ማጣት እንዳይመስለው ምክንያቱን ይንገሩት፤ ፈተናውን ከፊቱ ማንሳት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍ ካጣ፣ ከዋሸ፣ ዕዳው ከበዛ፣ ሐኪም ያስፈልገዋል። የቁማር ሱስ በሕክምናው ዓለም ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር አብሮ የሚመደብ ሕመም ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ሄዶ ስለ ሱስ ማነጋገር ይችላል። ብቻውን አይላኩት፤ ጠዋት ሱቁን ትንሽ አርፍደው ይክፈቱና አብረውት ይሂዱ።